ያልመጣ ድርሻ የለውም

ጁባ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንደሻው ገብረ መድህን፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎና ለቤተሰብዎ የጤናና የእህል ዓመት ይሁንልዎ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት የውሃ ቦቴዬ በየሰፈሩ ይያዝብኛል እንጂ ሥራም ጤናም አለ።

በስልክ ብሞክርዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለማገኝዎ በኢሜይል መጻፍ መረጥኩ። ጉዳዩ የእማዬ ነው። ከክረምቱ ወዲህ አነጋገሯ አላምረኝ ብሏል። ስደውል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትልና «በል ካርድህን አትጨርስ» ብላ ትዘጋዋለች። እማዬን ያውቋታል፣ ዘመድዎም ናት፤ ስለ ጎረቤት ዶሮ ብቻ ግማሽ ሰዓት የምታወራ ሴት ናት። ስልኳን ቻርጅ የምታደርግላትና የምትደውልላት ጎረቤታችን ፈይሩዛ ነበረች። እሷ አግብታ አቦምሳ ሄደች። አሁን ደጋግሜ ብደውል የሚያነሳ የለም።

የማኅበራችን ሙሴ ሆነው መመረጥዎን የሰማሁ ጊዜ ልቤ አርፎ ነበር። አባትዎ አባባ ገብረ መድህን ሙሴ በነበሩበት ዘመን ትዝ የሚለኝ፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ እሳቸው ገና አልተቀመጡም። ለቀረ ሰው ድርሻውን ዳቦና ጠላ ይዘው በእግራቸው ቤቱ ድረስ ይሄዱ ነበር። ሌላ ሰው አይልኩም። ስለዚህ ሳጉሬ ውስጥ ታሞ የሚደበቅ ማኅበርተኛ አልነበረም።

እርስዎ ኑሮዎ አሰላ ቢሆንም በየወሩ ለሃያ አራት ሳጉሬ መሄድዎ አይቀርም። እግረ መንገድዎን እማዬን አይተው ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ ሌላ አልለምንዎትም። እኔ እንዳልመጣ የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፤ አሁን ድንበር ብሻገር መመለሻ የለኝም።

የአባትዎ አምላክ ከእርስዎ አይለይ።

ታናሽዎ የኋላሸት


አሰላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለየኋላሸት፣

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ላንተም በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ። መልሴ የዘገየው በሥራ ምክንያት ነው። የገብስ መረከቢያ ጊዜ ሳይደርስ መጋዘን መጽዳት፣ ሚዛን መፈተሽ አለበት፤ የገበሬዎቹ ዩኒየን ውስጥ ደግሞ እኔ ካልጮህኩ የሚያጸዳም የሚፈትሽም የለም።

እናትህ ደህና ናቸው። ደህና መሆናቸውን ሰምቻለሁ።

ስለ ማኅበሩ ስለጻፍከው ጥቂት ልበል። አባቴን ማመስገንህ ጥሩ ነው። እኔ የተረከብኩት ግን ምን እንደነበር አታውቅም። ድንኳኑ ማን ቤት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለቱ ትልልቅ ድስቶች ከሠርግ ቤት አልተመለሱም። ሰው በስድስት ሰዓት ተጠርቶ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፤ ሲመጣም ጸሎት አያደርስም፣ ጠላ ይጠይቃል። እኔ በየካቲት ከተመረጥኩ ወዲህ ድንኳኑ ተገኝቷል፣ ድስቶቹ ተመልሰዋል፣ ጸሎት በሰዓቱ ይጀመራል። መተዳደሪያ ደንብም ጽፌ ጸድቋል። እርጥበቱ ከልክ ያለፈ ገብስ ከነጆንያው እንደምመልሰው ሁሉ፣ እዚህም ያላግባብ የሚሆን ነገር አልቀበልም።

እናትህን በዕድሜያቸው አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ለሃያ አራት መምጣት ትተዋል፤ ሲቀሩም አያስታውቁም። ይህን ብትነግራቸው ደስ ይለኛል።

እግዚአብሔር ሥራህን ይባርክልህ።

እንደሻው ገብረ መድህን


ጁባ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንደሻው፣

እንዲህ ያለ ሥራ ተደራርቦብዎ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ስለ ድንኳኑና ስለ ድስቶቹ መገኘትም ደስ ብሎኛል። ድስቶቹ እማዬ ማኅበር እስኪያልቅ የምትጠብቃቸው ነበሩና እሷም ደስ ሳይላት አይቀርም።

«ሰምቻለሁ» ያሉኝን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼ፣ ከማን ነው የሰሙት? ያ ሰውስ ያያት መቼ ነው? ብትቀር ድርሻዋን የወሰደላት ማኅበርተኛ ይኖራልና እሱ ምን አለ? በሩን ማን ከፈተለት? ቁጭ ብላ ነው ወይስ ተኝታ ያገኛት?

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደ ፖሊስ ጠየቅኩዎ። እዚህ ሆኜ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ የማስበው ይህንኑ ነው። ጥርጣሬዬ ዓይኗ ነው፤ ካቻምና ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት ነበር። ዓይኗ ከሆነ አሰላ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱልኝ፤ ለሕክምናው የሚያስፈልገውን እኔ እችላለሁ። እምቢ ብትል «ልጅሽ ነው ያለው» ይበሏት።

የፊታችን ሃያ አራት ሲሄዱ ይዩልኝ። እኔ ስልኬን ከእጄ አልለይም።

ታናሽዎ የኋላሸት


አሰላ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኋላሸት፣

የጤና ሰላምታዬ ይድረስህ። ሁለት ጊዜ ልጽፍልህ ጀምሬ ተውኩት። ሦስተኛው ይኸው፤ እውነቱን እጽፍልሃለሁ።

ለእናትህ ድርሻ የወሰደ ሰው የለም። ድርሻ መውሰድ የሚባለውን ነገር አስቀርቼዋለሁ። ለምን እንዳስቀረሁት ከመፍረድህ በፊት ስማኝ። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ እያለው ዳቦ ተሸክሞ ዳገት ይወጣ ነበር። ለማን? ማኅበርተኛው ኃይለየሱስ ገበያ ላይ የወይፈን ዋጋ ሲያስማማ ይውልና ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ድርሻውን ይጠብቃል። ሌላውም እሱን አይቶ ተማረ። ሲመጡ የሚያገኙትን ሳይመጡም ካገኙት ለምን ይመጣሉ? ደግሞ ያ ሁሉ ሰው አባቴ ሲታመም የት ነበር? የሰው ሁሉ ቤት የሄደው ሙሴ በራሱ አልጋ ላይ ሲወድቅ ድርሻ ይዞ የሚመጣ ሙሴ የለም። ያኔ ሳጉሬ አብሬው እያለሁ፣ ከቢሮ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ነው የሞተው። ይህን አልረሳም።

ስለዚህ «ያልመጣ ድርሻ የለውም» ብዬ ደንቡ ውስጥ አስገባሁ። በሐምሌ ስብሰባ ሳነበው ማንም አልተናገረም። እናትህ ብቻ ተነሡ።

«እንደሻው፣ በሽተኛውስ?» አሉኝ።

«በሽተኛ የሆነ ያስታውቅ።»

«በምን?»

«በስልክ።»

«አቅቶት የተኛ ሰው ስልኩን ማን ይይዝለታል?»

ሰው ሳቀ። እኔም «ደንቡ ጸድቋል፤ ይቀመጡ እትዬ» አልኩ። አልተቀመጡም። «ሙሴ ብለን ሾምንህ፣ ፈርዖን ሆንክብን። በል ጡቡን ቁጠር» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እሱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። በሚቀጥለው ወር ከሚኒባስ ስወርድ ጋሪ ነጂው ቱፋ፣ ማኅበርተኛ እንኳ ያልሆነው ሰውዬ፣ «ጋሼ ፈርዖን፣ ጋሪ ትፈልጋለህ?» አለኝ። ገበያው ሁሉ ሰማ።

ከዚያ ወዲህ እናትህ አልመጡም። ሳያስታውቅ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰናበታል ስለሚል፣ እሳቸውና ኃይለየሱስ በጥቅምት ሃያ አራት ከማኅበሩ ተሰናብተዋል። ለዘመድ ብዬ ብተወው ደንቡ የዘመድ ደንብ ይሆናል። በዚያው ዕለት በቤታቸው በኩል አልፌአለሁ። በሩ ዝግ ነበር፤ አላንኳኳሁም። ብገባ ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁ ይመስላቸዋል ብዬ ነው።

አየኋቸው ብዬ አልዋሽህም። አላየኋቸውም። ስለ ደህንነታቸው ሰምቻለሁ ያልኩህም፣ መጥፎ ስላልሰማሁ ነው።

እንደሻው


ጁባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እንደሻው፣

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ የፈይሩዛን ስልክ አፈላልጌ አቦምሳ ደወልኩ። አለቀሰችብኝ። ከመሄዷ በፊት እማዬ ግራ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ ታነክስ እንደነበር ነገረችኝ። «እሾህ ነው» ብላታለች። ለእኔ እንዳትናገር በፈጣሪ አስምላታለች። እማዬ ስኳር አለባት። የስኳር ሰው እግሩ ሲቆስል ምን እንደሚሆን እኔ ሾፌሩ ካወቅኩ እርስዎ የተማሩት ሰው አያጡትም።

በሐምሌ «በሽተኛውስ?» ያለችዎ እንደው ለነገር ይመስልዎታል?

ስለ አባትዎ የጻፉትን አልነካም። ስለ ደንቡም አልከራከርዎትም። ከዚህ እስከ ሳጉሬ አገር አቋርጬ ነው የምመጣው፤ ከእርስዎ በር አንድ ሚኒባስ ነው። እንደ ሙሴ አይሂዱ፣ እንደ ዘመድም አይሂዱ። እግር እንዳለው ሰው ብቻ ይሂዱ።

ዓይኗን ያሳዩልኝ ያልኩትን ትቼዋለሁ። ሁለት መስመርም አልፈልግም። አለች ወይስ የለችም፣ እሱን ብቻ ይጻፉልኝ።

የኋላሸት


አሰላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኋላሸት፣

አሉ። አሰላ ሆስፒታል ገብተዋል። ትናንት ያልጻፍኩልህ እስከ ማታ ሆስፒታል ስለነበርኩ ነው።

ትናንት ጠዋት ሄድኩ። አንኳኳሁ። ደገምኩ።

«ማነው?»

«እንደሻው ነኝ።»

«የትኛው እንደሻው?»

«የገብረ መድህን።»

«ድርሻ ይዘህ ነው ወይስ ደንብ?»

ባዶ እጄን ነበርኩ። መዝጊያው ከውስጥ በገመድ ታስሮ ነበርና በቀዳዳው እጄን ሰድጄ ፈታሁት። ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። እናትህ መደብ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ነበር። ከሰውነታቸው ግማሹ የለም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያቆየቻቸው ከታች ያለችው ጎረቤታቸው ወርቅቱ ናት፤ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሰው። ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ ገንፎም ታመጣለች። እሷንም አስምለዋታል። «ልጄ ከሰማ ፈቃዱን ጥሎ ይመጣል፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱ እንጀራው ነው» ብለዋታል። ማኅበር የቀሩት ጫማ አልገባ ብሏቸው፣ ሽታውንም ሰው እንዳይሰማባቸው ነው። እኔ ግን አኩርፈው ነው ብዬ ነበር።

ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። እንደዚያ ሆኖ ጋሪ ላይ መውጣት አይችሉም። ወርቅቱ ውሃ ለብ አደረገችልኝና ተንበርክኬ በትንሽ በትንሹ እያራስኩ ማላቀቅ ጀመርኩ። ልማድ የለኝም።

«ቀስ በል፤ ገብስ አይደለም» አሉኝ።

«ቀስ እያልኩ ነው።»

«አባትህ እጁ ለስላሳ ነበር። አንተ እንደ ጎሚስታ ነው የምትነቅለው።»

ስለ አባቴ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሲታመም የመጣለት ሰው የለም» አልኩ። ትንሽ አዩኝና «አንተ ቢሮ ነበርክ። በየቀኑ ተራ ገብተን ነበር የምንመጣው። አንተ ከመምጣትህ በፊት የምንወጣው አባትህ 'ልጄ ቤቱን ሰው ሞልቶት አይቶ ሲቆጣ አልወድም' እያለን ነው» አሉ። ጨርቁ ገና ግማሽ ይቀረው ነበር፤ ማራሴን ቀጠልኩ።

ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ጠቁረዋል። ቱፋ ጋሪውን በር ድረስ አስጠጋ። ሲያየን አንድም ቀልድ አልወጣውም። እሱና እኔ ተሸክመን አወጣናቸው። ሚኒባስ ላይ ሲጫኑ ልከፍለው እጄን ኪሴ ስከት «ተው፣ ተው» ብሎ አለንጋውን አነሣ። እኔም በኦሮምኛ «ገለቶሚ» ብዬ ብቻ አመሰገንኩት።

ሐኪሙ ምን እንደሚወስን ገና አልነገረንም።

እንደሻው


ጁባ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

«አሉ» የምትለዋን ቃል አንብቤ ቦቴውን መንገድ ዳር አቆምኩት። ኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ቢነፋ አልሰማሁም።

አላመሰግንዎትም፤ ገና ነኝ። ጊዜ ይስጡኝ። ግን ተንበርክከው ያደረጉትን እግዚአብሔር ይየው።

ከሆስፒታል አይለዩብኝ። ሐኪሙ እግሯ ይቆረጥ ቢል ይንገሩኝ፤ ጣት ቢልም ይንገሩኝ። አሁን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ ልምጣ ወይስ ልቅር? ብመጣ ሥራው አለቀ፣ ለእሷ የምልከውም አለቀ። ብቀር ደግሞ ... አልጽፈውም። እርስዎ መወሰን ያውቃሉ፤ ይወስኑልኝና እፈጽማለሁ።

የኋላሸት


አሰላ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለየኋላሸት፣

ጭንቀትህን የሚያቃልል አምላክ ይቅረብህ። የጠየቅከኝን እኔ አልወስንልህም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በአንድ መስመር እቆርጠው ነበር። ለእናትህ አነበብኩላቸው። «ከመጣ እግሬን ሐኪም አላስነካም በለው» አሉ። ውሳኔው የእሳቸውና ያንተ ነው።

የዘገየሁት እዚህ ትግል ስለነበረ ነው። ሐኪሙ ስኳሩ ወርዶ ትኩሳቱ ሲበርድ ሁለቱ ጣቶች ሳይውሉ ሳያድሩ መቆረጥ አለባቸው፤ ከቆየ እግሩ ይሄዳል ብሏል። እናትህ አልፈርምም አሉ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ ሐኪሙም ተቆጣ። በመጨረሻ «ነገ ሃያ አራት ነው አይደል? ለኃይለየሱስ ድርሻውን አድርሰህ ስትመለስ እፈርማለሁ» አሉኝ።

«ኃይለየሱስ አልታመመም እኮ እትዬ።»

«ማን ነገረህ?»

«እሱን የማያውቅ አለ?»

«እኔንም ታውቀኝ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሄድኩ። ማኅበርተኛው በልቶ እስኪያበቃ ቆሜ አስተናገድኩ፤ ከዚያ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ፣ ጠላውን በጣሳ ይዤ በገበያው መሐል አለፍኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። በእያንዳንዷ እርምጃ የማስበው ስለ ኃይለየሱስ ስንፍና ነበር፤ ቅዱስ ሐሳብ አሰብኩ አልልህም። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ሰውየው ታሞ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ጤነኛ ነው። ጓሮው ገብስ ሲያጭድ ውሎ ማጭዱን እየሞረደ አገኘሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ዳቦውን አየ።

«ዘገየህ» አለኝ።

የምመልስለት ብዙ ነበረኝ። ጣሳውን አስቀምጬለት ወጣሁ።

ለእናትህ ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሕመሙን እስኪረሱ። «ሰነፍ መሆኑን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አባትህም ያውቅ ነበር» አሉ። «ታዲያ ለምን ይሄዳል?» አልኩ። «ሰነፉን ሲዘለው በሽተኛውም እንደሚዘለል ስለሚያውቅ ነዋ። ማን የትኛው እንደሆነ በር ካልከፈቱ በምን ይለያል?»

«ያልመጣ ድርሻ የለውም» የሚለውን በሚቀጥለው ወር ከደንቡ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግን አይጠብቅም፤ ትናንት ማኅበርተኛው ፊት ቆሜ ሰርዤዋለሁ። የሰዓቱንና የድስቶቹን ትቼዋለሁ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ይቀጥላል።

እናትህ ፈርመዋል። ቀዶ ጥገናው ከነገ ወዲያ ነው። ስኳሩ በደማቸው ውስጥ ስላለ ሐኪሙ ቃል መግባት አልቻለም። እኔም ላንተ አልችልም። በር ላይ እሆናለሁ።

እንደሻው


ጁባ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እንደሻው፣

ትዕዛዟን እፈጽማለሁ፣ አልመጣም። ይህን ስጽፍ እጄን የያዘኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ነገ ቦቴውን አላወጣም። በሩ ላይ ስለሚሆኑልኝ፣ አሁን አመሰግንዎታለሁ።

የኋላሸት


አሰላ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኋላሸት ወንድሜ፣

የምሥራች ነው። ሁለቱ ጣቶች ተወስደዋል፤ እግሩ ተርፏል። ሐኪሙ ቁስሉን በየቀኑ ማጠብ ከምንም ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ነገር ነው ብሏል። ከሆስፒታል ሲወጡ ለጊዜው እኔ ቤት ያርፋሉ፤ አስተጣጠቡን ከነርሷ ተምሬአለሁ። እናትህ «ከቀድሞው ይሻላል» ብለዋል፤ ከሳቸው አፍ ይህ ምስጋና ነው።

ስልካቸው ቻርጅ ተደርጎ ራስጌያቸው ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ደውል። በአንድ ቃል አይዘጉብህም፤ ስለ እኔ የሚነግሩህ ብዙ አላቸው።

ከሰመመኑ ሲነቁ ገና አፋቸው ሳይፈታ አንድ ነገር አሉ። ጎንበስ ብልም አልሰማሁም። ደገሙት። «ሌላ ማን ታሟል?» ነው የሚሉት። ከማኅበርተኛው ማለታቸው ነው። አላውቅም አልኳቸው። የእውነቴን ነው፣ አላውቅም። ከየካቲት ጀምሮ ሙሴ ነኝ፤ ድንኳኑ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ማን እንደታመመ አላውቅም።

ይህን የምጽፍልህ መናኸሪያ ሆኜ ነው። ዛሬ ሃያ አራት አይደለም፣ ስብሰባም የለም። ባለቤቴ ከእናትህ ጋር ናት። ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ሳጉሬ ስወርድ ከላይኛው ሰፈር እጀምራለሁ፤ እዚያ በራቸውን አንኳኩቼ የማላውቃቸው ይበዛሉ።

እንደሻው